ደጅ ያልቆመች

በዘመነ ሉቃስ፣ በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰፈር ሆይ ስማ፤ ያልሰማህም ከሰማው ጠይቅ! የሻምበል ወልደሰንበት ልጅ ዮርዳኖስ ከአገር አቀፉ ፈተና ከተመለሰች ወዲህ አንድም እሑድ ደጅ አልቆመችም። ሁሉንም ቅዳሴ ገብታ አስቀድሳለች።

ነጋሪት የጎሰመ የለም። አዋጁ የወጣው ከወይዘሮ ዘመነች አፍ ነው። ወይዘሮ ዘመነች ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የሚያስቀድሱት ከቅጥሩ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ከዚያ ሆነው የሚገባውን በግራ ዓይናቸው፣ የሚቀረውን በቀኝ ዓይናቸው ይይዛሉ። የወር አበባዋ የመጣ ሴት ደግሞ ከበሩ አትዘልቅም። ውጭ ከጽዱ ሥር ቆማ ተሳልማ ትመለሳለች። እንግዲህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የወር ሒሳብ፣ ባሏ እንኳ የማያውቀው፣ ወይዘሮ ዘመነች ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ልጅቷ ቤተክርስቲያን አዘወተረች ቢባል ቤተሰቧ ደስ ይለው ነበር። ዘንድሮ ግን አዘወተረች ተባለና ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ።

ይኸው በኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከቀትር በኋላ፣ የደግፌ ሚኒባስ ታፔላውን አውርዶ ከቀራንዮ ቁልቁል ይንገጫገጫል። ኅዳር ሲታጠን ነው። በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ይጨሳል፤ አሮጌ ጫማ፣ የበቆሎ አገዳ፣ የልጅ አሻንጉሊት። በድሮ ዘመን በሽታ ለማባረር ተጀመረ ይላሉ። በሽታው ሄደ፣ ጭሱ ቀረ። ደግፌ መስታወቱን ዘግቶ ፊት ለፊቱ ካለው ጉም ውስጥ ሰው እንዳይወጣበት እያፈጠጠ ይነዳል።

ደግፌ የሻምበል የወንድም ልጅ ነው። ዛሬ የጫናቸውን ሰዎች ሌላ ቀን ቢጭን ኖሮ ሒሳብ ይቀበል ነበር፤ ዛሬ ግን የጫነው ሽማግሌ ነው። ከኋላው አቶ ዳኛቸው፣ የዕድሩ ሊቀመንበር፣ የጎማ ነጋዴ፤ ከጎናቸው የቤተሰቡ የንስሐ አባት አባ አምላኩ፣ መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው። ከነሱ ኋላ ብቻዋን ዮርዲ። ጋቢና ውስጥ ሻምበል ወልደሰንበት ራሳቸው። በእሳቸውና በደግፌ መካከል ደግሞ ያልተጠሩት ባለቤታቸው፣ ወይዘሮ ሸዋገነት።

ሻምበልን ሠራዊቱ ያሰናበታቸው በመቶ አለቃነት ነው። ሻምበል ያደረጋቸው ዕድሩ ነው፤ አንድ ቀን ድንኳን ሲተከል በጩኸት ስላስተባበሩ እዚያው ሾሟቸው፣ እሳቸውም ሹመቱን አልመለሱም። ግቢው ውስጥ ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም። ቧንቧው ለምን እንደሚዘጋ፣ ውሻው ለምን እንደሚታሰር፣ ሻምበል ተከራዮቹን ሰብስበው «ምክንያቱም» ብለው ይጀምራሉ።

ትናንት ማታ ግን ከሳሎን ሆነው የጠየቁት በአጭሩ ነበር። ጥያቄውን ሸዋገነት ወደ ጓዳ ያደርሳሉ፣ መልሱን ወደ ሳሎን ይመልሳሉ።

«ወሯ መጥቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

አልመጣም አለች።

«ከመቼ ወዲህ?»

ከፈተናው በፊት ጀምሮ።

«ማነው?»

ማንም የለም አለች።

ሦስት መልስ ሰጠች። ሁለቱን አመኗት።

ማንነቱ እንኳ ቶሎ ተገኘ። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲወሰዱ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዘው ነበር የሄዱት፤ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አማኑ የሚባል የአስኮ ልጅ የዮርዲን ብርድ ልብስ እስከ ታክሲው ተሸክሞላታል። የአቶ ዳኛቸው ሚስት በዓይኗ አይታለች። በሰፈሩ ሕግ የልብስ ቦርሳ የተሸከመ ጓደኛ ነው፣ ደብተር የተሸከመ ጎበዝ ነው፤ ብርድ ልብስ የተሸከመ ግን ይጠየቃል።

ስለዚህ ወደ አስኮ፣ ወደ አማኑ አባት ወደ አቶ ገሜዳ ቤት። ወትሮ ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው፤ ዛሬ የሴት ወገን ልኮ «ልጃችሁ የጀመረውን ይጨርስ» ሊል ነው። ቃሉ በንስሐ አባት ፊት አንዴ ከወጣ አይመለስም። በጥር ሠርግ ይደረጋል፣ ዩኒቨርሲቲውን ሌላ ሰው ይማርበታል።

«ደግፌ፣ ቀስ በል እንጂ! ሬሳ የጫንክ መሰለህ?» አሉ አቶ ዳኛቸው።

«ሬሳ ብጭን ቀስ ነው የምለው፣ ጋሽ ዳኛቸው።»

እሱ የሚጸልየው ጎማ እንዲፈነዳ ነበር። ጎማውን የሸጡለት አቶ ዳኛቸው ስለሆኑም ተስፋ አልቆረጠም።

ሌላም የሚያስጨንቀው ነገር አለ። ሻምበል ሲሳፈሩ ግራጫ ኮታቸው በቀኝ በኩል ወደ ታች ተጎትቶ አይቷል። ፈቃድ ያላት አሮጌ ሽጉጥ ናት፤ በዓመት አንዴ ለዘይት ካልሆነ ከሳጥን አትወጣም። ሸዋገነትም አይተዋል። ነጠላቸውን እንደያዙ ተንደርድረው ወጥተው ነው ጋቢናውን የያዙት።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» ብለዋቸው ነበር ሻምበል።

«ኪስህ።»



«አባባ» አለች ዮርዲ ከኋላ። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም። «ጦር ኃይሎች ጋ ክሊኒክ አለ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በሽንት ይታያል።»

አባ አምላኩ ሽንት ሲባል ሳላቸው መጣ።

«ማስረጃው ተሟልቷል» አሉ ሻምበል፣ ሳይዞሩ።

«የቱ ማስረጃ?»

«ደጅ አልቆምሽም።»

«ስላልመጣ ነዋ የገባሁት! ሳይመጣ ከጽዱ ሥር ቆሜ ብዋሽ ኖሮ ዛሬ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር?»

አባ አምላኩ «መዋሸቱስ ነውር ነው» አሉ ለራሳቸው፣ ከየትኛው ወገን እንደቆሙ እንዳይታወቅባቸው ቀስ ብለው።

ዮርዲ ስልኳን አወጣች። ደግፌ በመስታወት ሲያያት ድምፅ ማጉያውን ተጫነችው፤ ሆን ብላ ነው። የደወለችው ለጓደኛዋ እህት ለቤተልሄም ነው፣ ክሊኒኩ ውስጥ ለምትሠራው ነርስ።

«ቤቲ፣ ወር አበባ የሚያዘገየው ምንድነው? ግልጽ አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ወንድ ነዋ!» አለችና ስልኩ ውስጥ ሳቀች።

የሻምበል ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ተነሥቶ ኮታቸው ላይ ዐረፈ። ሸዋገነት ዘንበል ብለው እጃቸውን በሻምበል እጅና ኪስ መካከል አስገቡ።

«ስቀልድ ነው፣ የኔ ቆንጆ። የማን ነው የዘገየው፣ ያንቺ? ከወንድ ጋር ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም።»

«እሺ። ቢሆንም መጀመሪያ እሱን በምርመራ ከመንገድ እናነሣዋለን፣ ማንም ትምጣ ማን። ፈተና ላይ ነበርሽ አይደል? እንቅልፍስ?»

«ከክረምት ጀምሮ የለም። ግቢ ከገባን በኋላማ ጭራሽ።»

«ምግብስ?»

«አልወርድ አለኝ። ቀሚሴ ይወልቅብኛል፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የማስረው።»

«እና ሰውነትሽ ምን ያርግ? ጭንቀት ሲበዛበት፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ባንዴ ሲከሳ ‹አሁን ጊዜው አይደለም› ብሎ ይዘጋል እኮ። ቦታ መለወጥም ያደርገዋል። በዚህ ሰሞን ስንት ተፈታኝ መጣብኝ መሰለሽ! ደግሞ እንቅርት ይኖራል፤ አንገትሽ ላይ ያለው ዕጢ ሥራውን ሲያዛባ ወሩም ይዛባል። ሆርሞኗ የተዛባባትም አለች፣ ብጉርና ፂም የሚያወጣባት። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ፣ የድንገተኛውን ክኒን የዋጠች፣ የምታጠባ… ሃምሳ ዓመት የተጠጋችማ ተይኝ። ሳይመረምሩ መፍረድ አይቻልም። ነገ ነይ።»

«ነገ አይመቸኝም።»

«ምን አለብሽ?»

«እስከ ነገ ታጭቻለሁ» አለችና ዘጋችው።

አቶ ዳኛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህቺ ልጅ ተምራለች?»

«ነርስ ናት» አለ ደግፌ።

«እንደሷ አባባልማ በዓለም ላይ የሚያረግዝ ሰው የለም!» ወደ አባ አምላኩ ዞሩ። «ይስሙኝማ አባ፣ የኔ እናት አሥራ አንድ ወልዳለች። አንድም ቀን ዕጢ የሚባል ነገር ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም…» ጀመሩ። አቶ ዳኛቸው ከጀመሩ ደግሞ የሚያቆማቸው የመንገድ ትራፊክ ብቻ ነው።

«ምክንያት መደርደር ቀላል ነው» አሉ ሻምበል መንገዱን እያዩ። «ግንባር ላይ ከፊትህ አሥር ጥሻ ይኖራል። ጠላት ያለው በአንዱ ነው። ሁሉን ልመርምር ካልክ ትሞታለህ። አንዱን ትመርጥና ትተኩሳለህ።»

«ጥሻው ውስጥ ልጅህ ብትኖርስ?» አሉ ሸዋገነት።

ቀለበት መንገዱ ላይ ደረሱ። በቀኝ ጦር ኃይሎች፣ በግራ አስኮ። ደግፌ ፍሬን ያዘ። ኋላው ያለው ሲኖትራክ ጡሩንባውን ለቀቀበት። ጭሱ እዚህም አለ፤ ፀሐይዋ ቀልታ እንደ ቁስል ከላይ ተለጥፋለች።

«ግራ» አሉ ሻምበል።

ወደ ግራ ታጠፈ። ዮርዲ በመስታወቱ ውስጥ ግንባሯን ከፊቷ ወንበር ጀርባ ላይ ስታስደግፍ አያት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ዊንጌት ሲደርሱ ሸዋገነት ድምፃቸውን ከሞተሩ ድምፅ በታች አድርገው መናገር ጀመሩ። ከኋላ አቶ ዳኛቸው የሰባተኛው ወንድማቸው አወላለድ ላይ ስለነበሩ የሚሰማ አልነበረም። የሰማው ደግፌ ነው፤ እሱም ጆሮውን የሚያደርግበት ስላጣ።

«እኔም ከፋሲካ ወዲህ ደጅ አልቆምኩም» አሉ። «ዘመነች ይህን አልነገረችህም? ለእኔስ ወደ ማን ቤት ነው ሽማግሌ የሚላከው?»

«አታስቂኝ፣ ሴትዮ። ያንቺ ዕድሜ ነው።»

«እሰይ። ለእኔ ምክንያት ተገኘልኝ። በሰማንያ ሦስትስ? ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር።»

ሻምበል መስታወቱን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ከግንባር ስትመለስ ቤት አጣኸኝ። እናትህ ምን አሉህ?»

«ጥላህ ሄደች አሉኝ። ምን ያነሣሣዋል አሁን? ይቅር ብዬሻለሁ።»

«ብለኸኛል። በየዓመት በዓሉ፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ፣ ይቅር ትለኛለህ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንተ ከሄድክ ዓመት አልፎ ነበር። ደብዳቤው ቆመ። ሬዲዮኑ በየማታው ስልታዊ ማፈግፈግ ይላል። እኔ ሬዲዮኑ ሥር ነው የማድረው፣ ስምህን የሚጠራ ይመስል። እህል አልወርድ አለኝ። ወሬ ብቻ ስጠብቅ የወር አበባዬ ጠፋ። መጥፋቱንም ልብ አላልኩት። እናትህ ግን ልብ አሉት። ያኔ ከቤተክርስቲያኑ በር አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ።»

የሻምበል እጅ ኮታቸው ላይ እንዳለ ነው።

«ባሏ ግንባር የሆነ ሴት ደጅ ካልቆመች ምን ትባላለች? አንተው ንገረኝ፣ የምታውቀው ሕግ ነው። ሽማግሌ ሰበሰቡ። አንድ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሳጥኔን አውጥተው ከበር ውጭ አኖሩት። ተሸክሜው ጉለሌ አክስቴ ቤት ገባሁ። ሆዴ አልገፋም፣ ወልዴ። ገፍቶ እንደሆነ ሊያይ የመጣ ሰው ግን የለም።»

ሻምበል «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። ድምፃቸው የሻምበልም የመቶ አለቃም አልነበረም።

«እናትህ በሕይወት ነበሩ። ኋላ ደግሞ ሞቱ። የሞተ ሰው ይከሰሳል?»

ደግፌ መሪውን ጨብጦ ጥርሱን ነከሰ። አሁን አቁም ይሉኛል፣ አሁን አዙር ይሉኛል ብሎ ጠበቀ። ሻምበል ግን ከፊታቸው ጭስ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ንዳ።»

ነዳ።

የአቶ ገሜዳ ግቢ በር ተከፍቶ ይጠብቅ ነበር። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሰዎቹ ግን አልተቀመጡም። ሽማግሌ ይመጣል መባሉን እንጂ ለምን እንደሚመጣ ስላልሰሙ ለክፉም ለደጉም ብለው ቆመዋል፤ ለክፉው የቆሙት ዱላ ይዘዋል። በመጨረሻው ረድፍ አማኑ አለ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሊሸሽ ወይም ሊያስመልስ ያሰበ የሚመስል ልጅ።

ሸዋገነትና ዮርዲ መኪና ውስጥ ቀሩ። ደግፌ ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ገባ። ሻምበልን በቀኝ በኩል ተጠግቶ ነበር የቆመው፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ይዛቸዋለሁ ብሎ አስቧል፤ እጃቸውን ልያዝ ወገባቸውን ግን አልወሰነም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ አቶ ገሜዳ። «ቤታችሁ ነው። ነገሩን ግን ቶሎ ብትነግሩን ደስ ይለናል፤ ሰዉ ቆሟል።»

አቶ ዳኛቸው ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሆዳቸውን ወደፊት አደረጉ። «እንግዲህ፣ የተከበራችሁ፣ እሳት ሳይነድ ጭስ አይታይም ይላል ያገራችን ሰው…»

ግቢው ሁሉ ጢስ ስለነበር አንድ ሽማግሌ አስነጠሰ።

«…እና ልጃችሁ አማኑ የእኛን ልጅ…»

«ቆይ፣ ዳኛቸው» አሉ ሻምበል።

ወደፊት ተራመዱ። ሰዉ ተከፈለላቸው። ሁለት ዱላ ከፍ አለ። አማኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ግድግዳ ነካው። ሻምበል ፊቱ ደርሰው ቆሙ፣ እጃቸው ከኪሳቸው ወጣ። ባዶ ነበር። ዘረጉለት።

«የልጄን ብርድ ልብስ ተሸክመህላታል አሉ።»

ልጁ መልስ ለመስጠት ሁለቴ ሞከረ። «ከ… ከብዷት ነው፣ ጋሼ። ልትወድቅ ነበር።»

«ላመሰግንህ ነው የመጣሁት።» ጨበጡት። ወደ አቶ ገሜዳ ዞሩ። «ልጅህን አሳድገሃል። እንኳን ለሚካኤል አደረሳችሁ።»

ከዚያ ወጡ። እንዲሁ፣ ቀጥ ብለው። አቶ ዳኛቸው እጃቸው አየር ላይ፣ አፋቸው ተረቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አባ አምላኩ ጎትተው አወጧቸው።

ጋቢና ሲገቡ ሻምበል ከኪሳቸው ያቺን ከባድ ነገር አወጡና፣ ሳያዩ፣ ሸዋገነት ጭን ላይ አኖሯት። ሸዋገነት በነጠላቸው ጠቀለሏት።

«ጦር ኃይሎች» አሉ ሻምበል ለደግፌ።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው፣ ከታች ጫማ ቤት አለው። እናትና ልጅ ወጡ። ወንዶቹ ከሚኒባሱ ወርደው ፌርማታው አጠገብ ቆሙ፤ ረዳቶች «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያሉ ይጮኹባቸዋል። አቶ ዳኛቸው ይንቆራጠጣሉ፣ ሰዓት ያያሉ፣ ይንቆራጠጣሉ። ሻምበል ከመኪናው ተደግፈው ደረጃውን ብቻ ያያሉ። ደግፌ አጎቱን ሲያያቸው ባንድ ቀን ያረጁ መሰለው፤ ወይም ዕድሜያቸውን ዛሬ ገና ነው ያየው።

ዮርዲ ቀድማ ወረደች።

«የለም» አለች፣ ለአባቷ ብቻ። «እርግዝና የለም። ደም ሰጥቻለሁ፣ ዕጢውን ደግሞ ሊያዩ። ብዪና ተኚ አለችኝ። በሚቀጥለው ወርም ካልመጣ ተመለሺ ብላኛለች።»

ሻምበል ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ሊያነሡ ያሰቡ ይመስል ትከሻቸው ተንቀሳቀሰና ተወት አደረጉት። እሷም አልጠበቀችም፤ አልፋቸው መኪናው ውስጥ ገባች። ሸዋገነት ከደረጃው ወርደው ከልጃቸው ጎን፣ ከኋላ ተቀመጡ። ጋቢናውን አልፈለጉትም።

«አላልኳችሁም!» አሉ አቶ ዳኛቸው። «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ገና ከመጀመሪያው አላልኩም? ዘመነች እኮ ዓይኗም ደክሟል!» ወዲያው ደግሞ ነገሩ ቆረቆራቸውና ወደ ሻምበል ጠጋ አሉ። «ግን ሻምበል፣ አስኮ ላይ ቃሌን ስትቆርጠኝ ይህን አታውቅም ነበር። በሰው ፊት እንደ ቅል አንጠልጥለኸኝ ነው የወጣኸው። ምን አይተህ ነው?»

«አልናገርም።»

«እንዴት አትናገርም? ነገ ዕድሩ ይጠይቀኛል። ምን ልበል?»

«የፈለግኸውን በል።»

«ወልደሰንበት! ስንት ዓመት የምንተዋወቅ ሰዎች ነን፣ ለእኔ እንኳ?»

ሻምበል የጋቢናውን በር ከፈቱ። አባ አምላኩ ቀስ ብለው መጡና መስቀላቸውን ከነጠላው ፈትተው ያዙ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የከበደህ ነገር እንዳለ አይቻለሁ። እኔ የንስሐ አባትህ ነኝ፤ ከእኔ አይወጣም። ምክንያቱን ለእኔ ንገረኝ።»

ሻምበል ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ፣ ቀና አሉ።

«ለእርስዎም አልናገርም፣ አባ።»